ክርክር፦ ለሚያገግም ደን ማዳበሪያ ይጨመር ወይስ ዛፉን እንምረጥ?

አወያይዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ክረምቱ ሊገባ ነው፤ የችግኝ ተከላውም ይጀመራል። አረንጓዴ አሻራ በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በየዓመቱ የምንሰማው ስንት ሚሊዮን እንደተተከለ ነው። አፈሩ ምን ጎደለው ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ለመነሻ የሚሆን ነገር ላንሳ። ፓናማ ውስጥ ተመራማሪዎች ከብት ይሰማራበት በነበረ መሬት ላይ እንደገና የበቀለ ደን ይዘው ሞከሩ። ከተክል ምግቦች መካከል ለአንዳንዱ ቦታ ናይትሮጅን ጨመሩ፣ ለሌላው ፎስፈረስ፣ ለሌላው ሁለቱንም። የቀረውን አልነኩትም። ናይትሮጅን ያገኘው ገና ጀማሪ ደን እድገቱ ወደ እጥፍ ተጠጋ። ዕድሜው የገፋው ደን ግን ናይትሮጅን ቢጨመርለትም አልተለወጠም። ፎስፈረስ ብቻውን ደግሞ የዛፎቹን እድገት አላፋጠነም። ታዲያ በተራቆቱት ተራሮቻችን ላይ ለችግኝ ማዳበሪያ ይጨመር ትላላችሁ?

የወረዳ ባለሙያ፦
እኔ ይጨመር ባይ ነኝ። ችግኝ በብዛት የሚሞተው ገና በልጅነቱ ነው። በጉድጓዱ ውስጥ ትንሽ ማዳበሪያ ቢያገኝ ሥሩ ቶሎ ይወርዳል፣ በጋውንም ይሻገራል። በየዓመቱ የሞተውን ከመተካት ይህ ይረክሳል።

የገበሬ ልጅ፦
በፍጹም አልስማማም። ገበሬው ዩሪያ በሰዓቱ አጥቶ ሰልፍ ላይ እየዋለ ለተራራ ማዳበሪያ? ደግሞ እኮ ተራራ ላይ የተበተነውን መጀመሪያ የሚበላው ሣሩና አረሙ ነው። የቀረውን ጎርፍ ወደ ወንዝ ይወስደዋል። የአባቴ ማሳ ላይ ያየሁት ይህንኑ ነው።

የአፈር ተማሪ፦
የገበሬ ልጅ፣ ልክ ብለሃል። ግን የፓናማው ሙከራ ማዳበሪያ በትኑ አይለንም። የሚነግረን ጀማሪ ደን የቱ ጋ እንደሚታነቅ ነው።

ደን ሲቃጠል አብዛኛው ናይትሮጅን ጋዝ ሆኖ ከጭሱ ጋር ይሄዳል። ፎስፈረሱ በአብዛኛው አመዱ ውስጥ ይቀራል። ከዚያ መሬቱ ይታረሳል፣ ይጋጣል። እኛ አገር ደግሞ እበቱ ኩበት ሆኖ ይነዳል፣ ገለባው ለከብት ይሄዳል፤ ወደ አፈሩ የሚመለስ ነገር ብዙ የለም። ስለዚህ መሬቱ ሲተው የመጀመሪያው ረሃብ የናይትሮጅን ረሃብ ነው። ያረጀ ደን ግን ቅጠሉን ራሱ ላይ እያራገፈ፣ እያበሰበሰ ናይትሮጅኑን ሲያዞር ይኖራል። ሲጨመርለት ለውጥ ያላሳየው ለዚህ ይመስለኛል።

አሁን ዋናው ነገር። እዚያው ፓናማ ውስጥ የተደረገና በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ ጥናት አለ። ሥሮቻቸው ላይ ካሉ ባክቴሪያዎች ጋር ሆነው ናይትሮጅንን ከአየር የሚይዙ ዛፎች፣ ከማይይዙት ጎረቤቶቻቸው እስከ 9 ጊዜ በፈጠነ ፍጥነት ካርቦን አከማችተዋል። ልዩነቱ የጎላው ደኑ ገና ልጅ ሳለ ነው። አፈሩ ሲጠግብ ብዙዎቹ ናይትሮጅን መያዙን ያቆማሉ። ናይትሮጅን የሚሰጠው ማዳበሪያ፣ ዩሪያ፣ እንዲህ አያደርግም። ሲበዛ ወንዝ ይበክላል፣ ከፊሉም ናይትረስ ኦክሳይድ ሆኖ ይወጣል። ይህ ጋዝ በመቶ ዓመት ስሌት፣ ክብደት በክብደት ሲነጻጸር፣ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 270 ጊዜ ያህል ያሞቃል። ደን የምንተክለው ካርቦን ለመያዝ ከሆነ በዚህ በኩል መክሰር የለብንም።

የእኛዎቹ ማን ናቸው? ብርብራ፣ ሰሳ፣ ግራር። ቡና አብቃዩ ብርብራንና ሰሳን ለጥላ የሚመርጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ዋንዛና ወይራ ድንቅ ዛፎች ናቸው፤ ናይትሮጅን ግን ከአየር አይዙም። ስለዚህ ተቀላቅለው ይተከሉ።

የአዊ ልጅ፦
ይህን ፋግታ ለኮማ መጥታችሁ እዩ። አፈራችን አሲዳማ ነው። ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን፣ ናይትሮጅን የሚይዝ የግራር ዓይነት ተከለ፣ ጥቂት ዓመት ቆይቶ አክስሎ ሸጠ፣ ቦታው ላይ ጤፍ ዘራ። ጤፉም ጥሩ ሆነ። ተቋም አላዘዘውም፤ ጥቅሙን አይቶ ነው። አሁን ግን ዛፉ ላይ በሽታ ገብቷል። የአንድ ዛፍ ባሪያ መሆን ያስፈራኛል። የአፈር ተማሪ ተቀላቅሎ ይተከል ያለችው ለዚህ ነው የሚገባኝ።

የወረዳ ባለሙያ፦
ቆይ፣ ፓናማን እንዳለ ወደዚህ አናምጣ። እዚያ ዝናቡ ብዙ ነው፤ እኛ ጋ ብዙ ቦታ ገዳዩ በጋው ነው። ደግሞም አሲዳማ አፈር ላይ ብረቱና አሉሚኒየሙ ፎስፈረሱን አስረው ይይዙታል። እህቴ የአፈር ተማሪ፣ ናይትሮጅን የሚይዘው ዛፍ ራሱ ፎስፈረስ እንደሚፈልግ ታውቂያለሽ። ብራዚል ውስጥ ማናውስ አካባቢ፣ በጣም ያረጀ አፈር ላይ ባለ ነባር ደን፣ ፎስፈረስ ሲጨመር ሥርና ቅጠል በርክተዋል። ስለዚህ አንድ መልስ ለሁሉም ቦታ አይሠራም። አፈሩ ይመርመር። አሲዱን የሚያበርድ ኖራ የሚያስፈልገው ኖራ ያግኝ፤ ፍግ የሚበቃው በፍግ ይሂድ።

ከወላይታ፦
ሁላችሁም የምትከራከሩት ስለሚተከል ነገር ነው። ሁምቦ ላይ 2,728 ሄክታር መሬት ያገገመው በአብዛኛው ችግኝ ተተክሎበት አይደለም። ቦታው ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነጻ ተደረገ፤ መሬት ውስጥ የነበረው ጉቶ አቆጠቆጠ፣ ቅርንጫፉ ተመለመለ። ጉቶው የድሮ ሥር አለው፤ ገና ከችግኝ ጣቢያ እንደመጣ ልጅ በላይኛው አፈር ላይ ብቻ አይንጠለጠልም። ትግራይ ውስጥም በተከለሉ ቦታዎች አፈሩ ካጠገቡ ካለው የግጦሽ መሬት የበለጠ ናይትሮጅን ይዞ ተገኝቷል። መጀመሪያ ልቅ ግጦሽ ይቁም።

የገበሬ ልጅ፦
ይቁም ማለት ቀላል ነው። ከብቶቹ የት ይሂዱ? ሣር እያጨደ እንዲወስድ ሕጋዊ መብት ያልተሰጠው ገበሬ አጥር አያከብርም። ከተሰጠው ግን ጠባቂው እሱ ራሱ ነው።

የአፈር ተማሪ፦
ከወላይታ ያልከው ጉቶ ባለበት ይሠራል፤ እኔም እደግፈዋለሁ። ችግሩ ለዘመናት የታረሱት ተራሮች ናቸው። ጉቶም ዘርም የለባቸውም። ወንድሜ የወረዳ ባለሙያ፣ ምርመራው ይደረግ፤ ግን ለማስረዘሚያ ሰበብ አይሁን። አሁን ችግኝ ጣቢያዎቻችንን እዩ፤ ብዙዎቹን የሞላው ባሕር ዛፍና ግራቪሊያ ነው። ሁለቱም ናይትሮጅን ከአየር አይዙም። ዛሬ የብርብራና የሰሳ ዘር ካልሰበሰብን ለከርሞ የምንተክለው አይኖርም። የግራር ዘር ደግሞ በሞቀ ውሃ ካልተዘፈዘፈ ቶሎ አይበቅልም። በየአካባቢያችሁ የት ጥሩ እናት ዛፍ እንዳለ የምታውቁ እዚሁ ጻፉልን።