ለጨዋታዬ የከፈትኩት የኢንተርኔት መሰብሰቢያ ጸጥ ብሏል፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፣ ከ«ሰባ ሁለት ካርድ»

ከሁለት እስከ አራት ሰው የሚጫወተው፣ 72 ካርዶች ያሉት የጠረጴዛ ጨዋታ ሠርቻለሁ። አሳታሚ የለኝም፤ ሥዕሉንም ደንቡንም ያዘጋጀሁት ራሴ ነኝ። ከአራት ወር በፊት በዲስኮርድ (ሰዎች በቡድን በጽሑፍና በድምፅ በሚነጋገሩበት መተግበሪያ) ላይ መሰብሰቢያ ከፍቼ ለዜና፣ ለደንብ፣ ለሥዕል፣ ለስልት፣ ለቀልድ እያልኩ 12 ክፍሎች አዘጋጀሁ። ዛሬ 140 አባላት አሉ፤ ይሁን እንጂ በአብዛኞቹ ክፍሎች ውስጥ ያለው ብቸኛ መልእክት የእኔው «እንኳን ደህና መጣችሁ» ነው። ወደፊት ከሕዝብ ገንዘብ በሚሰበሰብበት በኪክስታርተር ድረ ገጽ ለኅትመት የሚሆን ገንዘብ ለማሰባሰብ ስላሰብኩ ከዚያ በፊት መሰብሰቢያው ነፍስ እንዲዘራ እፈልጋለሁ። ሽልማት ባዘጋጅ ይሻላል ወይስ በየቀኑ አዲስ ነገር ብጽፍ?

መልስ፣ ከ«ዙር ጠባቂ»

ሁለቱንም አልመክርዎትም። ሽልማት የሚያመጣው ሽልማት ፈላጊን ነው፤ ዕጣው በወጣ ማግስት ተመልሶ ይሄዳል። በየቀኑ መጻፍም እርስዎን ያደክማል እንጂ ሌላውን አያናግርም።

በመጀመሪያ ዘጠኙን ክፍሎች ይዝጉ። ባዶ አዳራሽ ውስጥ የገባ እንግዳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ በመጣበት በር እንደሚወጣ ሁሉ፣ 12 ባዶ ክፍል ያየ አዲስ አባልም አንድ ቃል ሳይተነፍስ ይወጣል። ለዜና፣ ለደንብ ጥያቄና ለጨዋታ መቀጣጠሪያ አንድ አንድ ክፍል ከቀረ ይበቃል።

ቀጥሎ የማይዛነፍ የጨዋታ ሰዓት ይቁረጡ። የካርዶቹን ምስል በቴብልቶፕ ሲሙሌተር (የጠረጴዛ ጨዋታን በኮምፒውተር በሚያጫውት ፕሮግራም) ላይ ከጫኑ በተለያየ ቦታ ያሉ ሰዎች አንድ ጠረጴዛ እንደከበቡ ሆነው መጫወት ይችላሉ። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ሰው ብቻ ቢመጣም ከሁለቱ ጋር ይጫወቱ፤ ሲያልቅ ማን በየትኛው ካርድ እንዳሸነፈ በአራት መስመር ጽፈው ይለጥፉ። ያልመጣው ሰው የቀረበትን ነገር የሚያውቀው ከዚያች ጽሑፍ ነው። እኔ በዚህ መንገድ ስጀምር ለአምስት ሳምንታት ያህል የምንገናኘው ሦስት ሰዎች ብቻ ነበርን፤ በስድስተኛው ግን አንደኛው ሳልጠይቀው ጓደኛውን ይዞ መጣ።

መልስ፣ ከ«ደንብ አንባቢ»

አንድ ነገር ልጠይቅ። ከሰላምታ ውጭ ሰው በራሱ ተነሣሥቶ የጻፈልዎ የመጨረሻው ነገር ምንድን ነው?

ከ«ሰባ ሁለት ካርድ»

ሁለት ተጫዋቾች በአንድ ዙር «ጎርፍ» የተባለውን ካርድ ቢጥሉ የማን ይቀድማል የሚል ጥያቄ ነው። ሦስት የተለያዩ ሰዎች ጠይቀውኛል፤ ለሦስቱም በግል መልስ ሰጥቻለሁ።

ከ«ደንብ አንባቢ»

የጠፋብዎ ውይይት ይኸው ነው፤ በግል መልስ ሲሰጡ ተቀበረ። በሚቀጥለው ጊዜ ጥያቄውን ወደ ደንብ ክፍል ያምጡትና እርስዎ ከመመለስዎ በፊት «እናንተ ስትጫወቱ እንዴት ፈታችሁት?» ብለው አንድ ቀን ይታገሱ። ሰዎች ይከራከራሉ፤ ምናልባትም ከእርስዎ የተሻለ ደንብ ይወጣል። የተቀበሉትን በደንብ መጽሐፉ ውስጥ ሲያስገቡም ሐሳቡን ያመጣውን ሰው በተጠራበት ስም ያመስግኑ። ስሙን በመጽሐፍዎ ያየ ሰው ከዚያ በኋላ እንግዳ አይደለም።

መልስ፣ ከ«አሮጌ ቤት»

በተባለው እስማማለሁ፤ ሆኖም ሁሉን ነገር ዲስኮርድ ላይ ማስቀመጥ ያሳስበኛል። የጎግል ማኅበራዊ መረብ የነበረው ጎግል ፕላስ በሚያዝያ 2019 እ.ኤ.አ. ለተጠቃሚዎች ሲዘጋ፣ በዚያ ተሰባስበው የነበሩ በርካታ፣ ያለ ትልቅ አሳታሚ የሚሠሩ የሚና ጨዋታ (ተጫዋቹ ገጸ ባሕርይ ሆኖ የሚጫወተው ጨዋታ) ፈጣሪዎችና ተጫዋቾች ተበትነዋል፤ የዓመታት ውይይታቸውም አብሮ ጠፍቷል። ስለዚህ ፈቃደኛ ከሆኑ አባላት የኢሜይል አድራሻ ይሰብስቡ፤ ቤቱ ቢፈርስ ጎረቤቶችዎን የሚጠሩበት ገመድ እሱ ነው።

በተጨማሪም ዲስኮርድ ውስጥ የተጻፈ መልስ በጎግል ፍለጋ አይገኝም። ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚሠራው፣ የጠረጴዛ ጨዋታዎች መዝገብና መወያያ በሆነው ቦርድጌምጊክ ድረ ገጽ ላይ ለጨዋታው ገጽ ይክፈቱና የደንብ መልሶቹን እዚያም ያስቀምጡ። ታትሞና ተቆርጦ የሚጫወቱበት የካርዶቹ ፒዲኤፍም በነጻ ይኑር። ሰው ከመግዛቱ በፊት ጨዋታውን ቢያውቀው የሚጎዳዎ አይመስለኝም።

መልስ፣ ከ«ቆጣቢ»

ስለ ኪክስታርተር አንድ ቃል ልጨምር። የጠየቁት መጠን በቀነ ገደቡ ካልሞላ አንድም ሳንቲም አይደርስዎትም። ስለዚህ 140ውን አባል አይቁጠሩ፤ ጨዋታውን ከአንድ ጊዜ በላይ የተጫወቱትን ብቻ ይቁጠሩ። ያ ቁጥር ትንሽ ከሆነ ቀኑን ይግፉት።

ከ«ሰባ ሁለት ካርድ»

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ዘጠኙን ክፍሎች ዘግቻለሁ፤ የ«ጎርፍ»ንም ጥያቄ አውጥቼ ለጥፌዋለሁ። የቀረኝ ሰዓቱ ነው፤ አባላቱ በተለያየ የሰዓት ክልል ስለሚኖሩ ሰዓቱን እንዲመርጡ ድምፅ ባሰጣቸውስ?

ከ«ዙር ጠባቂ»

ድምፅ ቢያሰጡ ሁሉም የየራሱን ይመርጥና ማንም የማይመቸው መካከለኛ ሰዓት ላይ ይወድቃሉ። በ12 ሰዓት የሚራራቁ ሁለት ሰዓቶችን ራስዎ መርጠው በየሳምንቱ ያፈራርቋቸው። ቀጠሮውን በዲስኮርድ የዝግጅት መመዝገቢያ ላይ ካስገቡት ለእያንዳንዱ ሰው በራሱ ሰዓት ይታየዋል፤ እርስዎ ማስላት አያስፈልግዎትም።