የዓይን ሞራ ፕሮፖዛላችን፦ ስንት ሰው ተሰራ እንበል ወይስ ስንት ሰው አየ?

ጸሐፊ፦ ሰላም የማህበራችን አባላት፣ ረቂቁን ሁላችሁም አይታችሁታል ብዬ ነው የምጽፈው። ዛሬ እንድንነጋገር የምፈልገው 2ኛው ገጽ ላይ ስላለው ግብ ነው፣ «በ3 ዓመት 1500 የዓይን ሞራ ኦፕራሲዮን» ይላል፣ እኔው ነኝ የጻፍኩት ግን ደግሜ ሳነበው ጎደለብኝ። ቁጥሩን መሙላት ይቻላል፣ ዘመቻ ወጥቶ በአንድ ሳምንት ብዙ ሰው መስራት ነው፣ ሰውየው ከ6 ወር በኋላ ያያል ወይ የሚለውን ግን የትም ገጽ ላይ አልጻፍነውም። በ2021 የዓለም ጤና ጉባኤ ላይ አገሮች የተስማሙበት ግብ እስከ 2030 «ውጤታማ» የሞራ ቀዶ ጥገና ሽፋን (ኦፕራሲዮኑ ከሚያስፈልጋቸው ሰዎች ውስጥ ተሰርተው በደንብ የሚያዩት ድርሻ) በ30 የፐርሰንት ነጥብ ይጨምር ነው የሚለው፣ ውጤታማ የሚባለው የተሰራው ዓይን ከዚያ በኋላ 6/12 (ጤነኛ ዓይን ከ12 ሜትር የሚያየውን ከ6 ሜትር ማየት) ወይም ከዚያ የተሻለ ሲያይ ነው። እኛም በዚሁ ብንለካ ምን ትላላችሁ?

የዓይን ነርስ፦ ይሄን ስላነሳኸው ደስ ብሎኛል፣ እኔ ስለ አንዲት እናት ልንገራችሁ። በዘመቻ ተሰርተው በማግስቱ ፋሻው ሲነሳላቸው ጣቶቼን አንድ በአንድ ቆጠሩልኝ፣ ከዛ በትር ይዞ ሲመራቸው የመጣውን የልጅ ልጃቸውን ፊቱን በሁለት እጃቸው ይዘው እንዲህ አድገሃል እንዴ አሉት፣ ክፍሉ ውስጥ ያላለቀሰ የለም። ዓመት ሳይሞላ በዛው ልጅ ተመርተው እኔ ያለሁበት ክሊኒክ መጡ፣ ሞራው ተመለሰብኝ ይላሉ። ሞራ እኮ አይመለስም፣ በሞራው ቦታ ከገባው ሰው ሰራሽ ሌንስ ኋላ ያለችው ስስ ሽፋን ናት የምትደበዝዘው፣ በሌዘር በደቂቃዎች ትከፈታለች። ግን ዘመቻውን ያካሄደው ቡድን ከሄደ ቆይቷል፣ ሌዘር የት እንደሚገኝ የነገራቸውም የለም፣ ሰፈሩም ኦፕራሲዮን ምን ይረባል ይመለሳል ብሎ ሌላ ሰው ሳይመጣ ቀረ። ስለዚህ ክትትል የሚለውን የመጨረሻ መስመር ላይ አትጣሉት በጣም እለምናችኋለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦ እህቴ ልክ ነሽ፣ እኔን የሚያስጨንቀኝ በጀቱ ነው። ሰው እየፈለጉ ደግሞ ማየት፣ ትራንስፖርት፣ አበል፣ ሁሉም ወጪ ነው፣ ያለን ገንዘብ ደግሞ አይጨምርም። 1500 የሚለውን ቀንሰን 900 ብንል ለጋሾቹ አነሰ አይሉንም?

ጸሐፊ፦ ቢሉንም እናስረዳቸው፣ 900 ሰው ሰርተን ሁሉም ሲያይ ነው የሰራነው። መንገዱንም እንቀይር። ሕንድ ውስጥ ማዱራይ ላይ በ1976 በ11 አልጋ የተጀመረው አራቪንድ የዓይን ሆስፒታል መንደር ላይ የሚያደርገው ምርመራውን ነው፣ የሚሰራውን ሰው በአውቶብስ ጭኖ ወደ ሆስፒታሉ ይወስደዋል፣ ሰርቶም ይመልሰዋል። የሚከፍለው ታካሚ የማይከፍለውን ይሸፍናል፣ በ1992 ደግሞ ሌንሱን ራሳቸው ማምረት ጀመሩና ዋጋው በጣም ወረደ። እኛ ሆስፒታል አንሰራም፣ ግን ድንኳን ውስጥ ከመስራት ቋሚ የዓይን ክፍል ካለው ሆስፒታል ጋር ተዋውለን ትራንስፖርቱን ብንችል ታካሚው ችግር ሲገጥመው የሚመለስበት ቦታ ይኖረዋል።

የዓይን ነርስ፦ ውሉ ላይ የሌንስ ልክ መለኪያ የግድ ይኑር። ዓይኑ ሳይለካ ለሁሉም አንድ ዓይነት ሌንስ ከገባ ኦፕራሲዮኑ ቆንጆ ሆኖም ሰውየው ብዥ እያለበት ይኖራል፣ መነጽር የሚሰጠው ካላገኘ ያው ነው። ኦፕራሲዮኑ ራሱ ያለ ስፌት የሚሰራው አነስተኛ ቀዳዳ ያለው ቢሆን በቂ ነው፣ ውድ ማሽን አይፈልግም፣ ኔፓልም ሕንድም ብዙ ሰው ማየት የቻለው በሱ ነው።

ሌላ አባል፦ ሴቶቹን አትርሱ። በብዙ አገር ከወንድ ይልቅ ሴት ናት ሳትሰራ የምትቀረው፣ የሚወስዳት ሰው የለም፣ ገንዘቡ በእጇ አይደለም፣ ቤቱን ለማን ጥላ ትሂድ፣ እርጅና ነው ተብላም ትቀመጣለች። የአጃቢውን ትራንስፖርት እኛ እንቻል፣ ሪፖርቱም ሴትና ወንድ ለየብቻ ይቁጠር። ትራኮማንስ፣ ያንን ተላላፊ የዓይን በሽታ፣ አብረን ብናስገባ?

ጸሐፊ፦ ትራኮማን ባናስገባ ይሻላል። ኦፕራሲዮን፣ መድኃኒት፣ የፊት ንጽህና፣ ውኃና መጸዳጃ ቤት አንድ ላይ የሚሄዱበት ሥራ ነው፣ ጋና በ2018 ትራኮማ የሕዝብ ጤና ችግር መሆኑ ቀርቶላታል የተባለችው ከብዙ ዓመት ሥራ በኋላ ነው። የኛ አቅም አይችለውም፣ መርማሪዎቻችን የዓይኑ ሽፋሽፍት ፀጉር ወደ ውስጥ የዞረበት ሰው ካገኙ ግን ሪፈር ይጻፉ። ብሌኑ ነጭ የሆነ ሕፃን ከተገኘ ደግሞ በዛው ሳምንት ይላክ፣ ልጅ ሲዘገይ አእምሮው ማየት ሳይለምድ ይቀራል።

ገንዘብ ያዥ፦ እሺ ተቀብያለሁ፣ ከ1500ው የቀነስነውን ወደ ክትትልና ወደ አጃቢ ትራንስፖርት አዙሬ በጀቱን እስከ ሐሙስ እልካለሁ።

ጸሐፊ፦ ግቡን እንዲህ ልጻፈው፦ «በ3 ዓመት 900 ሰው በሞራ ይሰራል፣ እያንዳንዱ በማግስቱ፣ በ6 ሳምንቱና በ6 ወሩ እይታው ተለክቶ ይመዘገባል፣ 6/12 ያልደረሰ መነጽር ወይም ሌዘር ያገኛል»። እህቴ የመመዝገቢያ ቅጹን አንቺ አውጪልን፣ የአጃቢው ስልክ የሚጻፍበት ቦታም ይኑረው፣ ታካሚዋን በ6 ወሩ የምናገኛት በሱ ነው።