ባቡር ወዳጆች ዕድሜያችን ከስንት እስከ ስንት ነው? መሀል ላይ ያላችሁት የት ገባችሁ?

ፉርጎ ሰባት፦
ሰላም ለሁላችሁም። እኔ ብዙ ጊዜ አንብቤ የማልፍ ሰው ነኝ ዛሬ ግን ጥያቄ አለኝ። ባቡር የምንወድ ሰዎች ዕድሜያችን ስንት ነው በናታችሁ? እኔ 36 ነኝ፣ ሴት ነኝ (እሱ ራሱን የቻለ ርዕስ ነው ሌላ ቀን እንመጣበታለን)። የታዘብኩት ነገር ምንድነው፣ የሚጽፈው ሰው ወይ ገና ጺም ያላበቀለ ልጅ ነው ወይ ጡረታ የወጡ ጋሼ ናቸው። ባለፈው አንዱ የቢግ ቦይ 4014ን ፎቶ ለጠፈ፣ ያ ዩኒየን ፓሲፊክ ያስነሳው ግዙፉ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ማለቴ ነው፣ ከዛ መጀመሪያ የመጣው ኮመንት "በ1941 ተሰራ፣ በ2019 ታድሶ ሀዲድ ላይ ተመለሰ" የሚል የአስራ ምናምን አመት ልጅ ነው፣ ቀጥሎ አንድ ትልቅ ሰው መጡና ያን የሚያክል ነገር ኩርባ ላይ እንዴት እንደሚያልፍ፣ የፊተኞቹ ጎማዎች ያሉበት ፍሬም ለብቻው እንደሚዞር ቁጭ ብለው አስረዱ። እኛ መሀል ያለነው ላይክ አድርገን ሄድን። እና እውነት መሀሉ ባዶ ነው ወይስ ለኔ ብቻ ነው እንደዛ የሚመስለኝ? ደግሞ እንፋሎት የሚወዱት ትልልቆቹ ሲያልፉ ነገሩ አብሮ ያልቃል ማለት ነው? ዕድሜያችሁንና መጀመሪያ የያዛችሁን ባቡር ብትጽፉልኝ ደስ ይለኛል።

ጋሽ ቦይለር፦
68። ከጋሼዎቹ ቁጠሪኝ ልጄ።
ይሄ "የሽማግሌ ነገር ነው" የሚባለው ወሬ ግን ሁሌም ይገርመኛል። እንግሊዝ አገር በ1940ዎቹና በ50ዎቹ (አመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ጣቢያው ጫፍ ላይ ደብተርና እርሳስ ይዞ የሎኮሞቲቭ ቁጥር ሲመዘግብ የሚውለው ማን ሆነና? ቁምጣ የለበሰ ልጅ ነው እኮ! በ1942 የሎኮሞቲቭ ቁጥሮችን ዝርዝር የያዙ የኪስ መጻሕፍት መውጣት ሲጀምሩ ልጆቹ ያዩትን ቁጥር ከስሩ እያሰመሩ ያላዩትን ለማግኘት ከጣቢያ ጣቢያ ይዞሩ ነበር። ከነሱ ውስጥ በሕይወት ያሉት ዛሬ ቅድመ አያት ሆነዋል፣ አንዳንዱ እስካሁን ደብተሩን አልጣለም። ስለዚህ ሽማግሌ ሆኖ ወደ ባቡር የመጣ ሰው ጥቂት ነው፣ ልጅ ሆኖ መጥቶ እዛው ያረጀ ነው የሚበዛው።
የኔ ሕግ ይሄ ነው፣ አስር አመት ገደማ ሆነህ ያየኸው ባቡር እስከመጨረሻው አይለቅህም። እዛው እንግሊዝ በዋናው መስመር ላይ መደበኛ የእንፋሎት ጉዞ ያበቃው በኦገስት 1968 ነው፣ ያኔ አስር አመት የሞላው ልጅ አሁን 70ን እያንኳኳ ነው። አንቺ የምትሰሚው ድምጽ የነሱ ነው።
ያልቃል ወይ ላልሽው ግን አይመስለኝም። በጎ ፈቃደኞች መስመር ተረክበው ማንቀሳቀስ የጀመሩት በ1951 ዌልስ ውስጥ ታሊሊን ላይ ነው፣ ከዛ ወዲህ እንዲህ ያሉ መስመሮች ሞልተዋል፣ እነሱ ደግሞ ወጣት ከሌለ አይንቀሳቀሱም። ለጠዋት ጉዞ አንዱ ገና በጨለማ ሄዶ መጀመሪያ በመስታወቷ ቱቦ ቦይለሩ (ውሃው የሚፈላበት ታንክ) ውስጥ ውሃ መኖሩን ማየት አለበት፣ ያንን ሳያይ እሳት የሚለኩስ ሰው ቢኖር እኔ አጠገቡ አልቆምም። ከዛ የትናንቱን አመድ ጠርጎ፣ ከሰሉን በትኖ፣ በእንጨትና በዘይት የተነከረ ጨርቅ ያቀጣጥላል፣ ብረቱ እኩል እንዲሞቅ ቀስ እያለ ነው፣ ቶሎ ልድረስ ካለ ቦይለሩን ይጎዳዋል። ሰአታት ይፈጃል። ይሄን ሁሉ የ70 አመት ወገብ አይችለውም። በልማዱ ደግሞ ሰው የሚጀምረው ከጽዳት ነው፣ ጨርቅ ይዘህ ጎማና ብረቱን ስትወለውል ትከርማለህ፣ ቀጥሎ እሳት ትጨምራለህ፣ መንዳት መጨረሻ ላይ ነው። አመታት ነው የሚወስደው፣ ስለዚህ ልጁ በ17ና በ18 አመቱ ካልገባ መንዳት ላይ ሲደርስ እሱም ጋሼ ሆኗል።

ሲግናል አረንጓዴ፦
16 ነኝ። ጋሼ በጣም ነው ማከብሮት ግን የአስር አመቱ ሕግ እኔ ላይ አይሰራም። አስር አመቴ ላይ ባቡር በአይኔ አላየሁም እኔ የተያዝኩት በሲሙሌተር ነው። የማይክሮሶፍቱ ትሬን ሲሙሌተር እኮ በ2001 ነው የወጣው እኔ ሳልወለድ። ሰው "ጌም ነው" ብሎ ሲንቀው ይደብረኛል። እሺ ከመቶ በላይ ፉርጎ ያለው ጭነት ባቡር ይዛችሁ ቁልቁለት ውረዱ እስኪ። የአየር ፍሬን የሚይዘው ቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊት ሲቀንስ ነው ብዙ ሰው ሲጨምር ይመስለዋል፣ ቅናሹ ደግሞ ከፊት ወደኋላ እየተላለፈ ነው የሚሄደው ስለዚ የፊቶቹ ፉርጎዎች ይዘው የኋላዎቹ ገና እየገፉ ነው፣ ከዛ ደንግጠህ ቶሎ ቶሎ ስትለቅና ስትይዝ በየፉርጎው ያለው የአየር ታንክ ለመሙላት ጊዜ ስለማያገኝ በቃ አየር ይጨርስብሃል ባቡሩ በራሱ ፍላጎት ይወርዳል። ይሄን ያወቅኩት ጌም ላይ ነው።
እና እህቴ ለጥያቄሽ፣ ከኔ በታች ያሉም አሉ ግን ዕድሜያቸውን አይናገሩም ምክንያቱም ልጅ ነህ ሲባሉ ሰው አይሰማቸውም። እኔም እስካሁን አልተናገርኩም ነበር።

ሰዓት ጠባቂ፦
29። እኔ ባቡሩ ራሱ ብዙም አይደለም የሚይዘኝ፣ የጊዜ ሰሌዳ ነው። አንድ ነጠላ መስመር ላይ ሁለት ባቡር የት ጣቢያ እንደሚተላለፍ ማስላት። እንደኔ ያለ ሰው ካለ በናታችሁ ድምጽ አሰሙ።

ኤን ስኬል፦
43 ነኝ፣ አለን! መሀሉ ባዶ አይደለም ዝም ብሎ ነው እንጂ።
አንደኛ ነገር በኛ ዕድሜ ካሉት ብዙዎቹ ባቡር ላይ የሚሰሩ ናቸው። እነሱ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ባቡር ላይ ውለው ማታ ስለ ባቡር መጻፍ አያምራቸውም፣ ቢያምራቸውም መስሪያ ቤታቸው ስለ ስራ ኢንተርኔት ላይ ማውራት አይፈቅድም። ሶስት አራት እንደዚህ ያሉ ሰዎች አውቃለሁ ሁሉንም ያነባሉ፣ ሰው ሲሳሳት ለኔ በኢንቦክስ ይስቃሉ እንጂ ኮመንት አይጽፉም።
ሁለተኛ ደግሞ ቅናሹ ሁሉ ለሁለቱ ጫፍ ነው የተሰራው። ኢንተርሬል፣ ያ በአንድ ፓስ የአውሮፓን አገሮች በባቡር የሚያዞረው፣ በ1972 ሲጀመር ከ21 አመት በታች ለሆኑ ብቻ ነበር እኮ፣ ለሁሉም የተከፈተው ቆይቶ ነው። ከ2018 ጀምሮ ደግሞ የአውሮፓ ህብረት 18 አመት ሞልቷቸው አመልክተው ለተመረጡ ልጆች ነጻ የባቡር ፓስ ይሰጣል። ለትልልቆቹም በብዙ አገር የሲኒየር ቲኬት አለ። በ40ዎቹ ያለው ሰው ሙሉ ሂሳብ ይከፍላል፣ ያውም ፈቃድ ካገኘ፣ ያውም ልጆቹ ካልታመሙ።
ሞዴልም ብትይ ያው ነው። ኤች ዜሮ የሚባለው የሞዴል ባቡር መጠን ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰ ነው፣ ትንሽ ይመስላል ግን ረጃጅም ፉርጎዎች የሚያምሩበትን ሰፊ ኩርባ ለመስራት ብቻ ለሱ የሚሆን ክፍል ያስፈልግሻል። ጡረተኛው ልጆቹ ወጥተውለት ባዶ ክፍል አለው። እኔ የለኝም ስለዚህ 160 ጊዜ ወደሚያንሰው ኤን ገባሁ፣ መስመሬ በሙሉ መደርደሪያ ላይ ነው፣ ሚስቴ አቧራ ስትጠርግ አንድ የሲግናል ምሰሶ ሰብራብኛለች እስካሁን አላነሳሁባትም።
ብቻ ብዙ ሰው በ20ዎቹ መጨረሻ ይጠፋል፣ ስራ፣ ትዳር፣ ምናምን፣ ከዛ ልጁ አራት አምስት አመት ሲሞላው "አባዬ ባቡር!" ሲለው ይመለሳል። እኔ የተመለስኩት እንደዛ ነው።

ብርቱካኑ፦
55። ሁላችሁም የእንፋሎትን ነገር ብቻ የሽማግሌ አደረጋችሁት፣ ፈጣን ባቡር የወጣት ነው ያላችሁ ማን ነው? ሺንካንሰን በቶክዮና በኦሳካ መሀል በሰአት 210 ኪሎ ሜትር መሮጥ የጀመረው በ1964 ነው። ያኔ አስር አመቱ የነበረ ልጅ አሁን 70ን አልፏል። ያ አፍንጫው ክብ የሆነው የመጀመሪያው ሞዴል በ2008 ከመደበኛ ስራ ሲወጣ ለሽኝቱ ጣቢያ የሞላው ሰው እኮ ልክ ለእንፋሎት እንደሚያለቅሰው ሰው ነበር። እኔን የያዘኝ ብርቱካናማው የፈረንሳይ ፈጣን ባቡር ቴዤቬ ነው፣ በ1981 ፓሪስ ሊዮን ሲጀምር ፎቶውን መጽሔት ላይ አይቼ ገጹን ቀድጄ ደብተሬ ውስጥ አደረግኩት። ያኔ ከዛ በላይ ዘመናዊ ነገር በአለም ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር፣ አሁን ሙዚየም ውስጥ ነው የምታዩት። ስለዚህ ጋሽ ቦይለር ሕግዎ ልክ ነው፣ ግን እንፋሎት ላይ አያቁሙት። የጃፓኑ ማግሌቭ (በማግኔት ተንሳፎ የሚሄደው) በ2015 ሙከራ ላይ በሰአት 603 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ያየ ልጅ ደግሞ የዛሬ 50 አመት እዚህ መጥቶ "ያ ነው ባቡር ማለት" ይለናል።

ሲግናል አረንጓዴ፦
ጋሽ ብርቱካኑ እሱን ልጅ አገኙት፣ ቪዲዮውን ስንቴ እንዳየሁት
ግን አንድ ጥያቄ፣ ለመንዳት ስንት አመት ነው የሚፈለገው? የሚያውቅ አለ?

ኤን ስኬል፦
እንደ አገሩ ነው። የአውሮፓ ህብረት ሕግ ለነጂ ፈቃድ 20 ይላል፣ አገሩ ከፈለገ በራሱ ክልል ውስጥ ብቻ ለሚሰራ ፈቃድ በ18 መስጠት ይችላል። ግን ቡዳፔስት ያለውን የልጆች ባቡር እይ። ከ1948 ጀምሮ ነው ያለው፣ ትኬት የሚሸጡት፣ ሲግናልና የሀዲድ ማቀያየሪያ የሚሰሩት፣ ባቡሩን የሚለቁት ከ10 እስከ 14 አመት ያሉ ልጆች ናቸው፣ የደንብ ልብስ ለብሰው ባቡሩ ሲወጣ ሰላምታ ይሰጣሉ። ሎኮሞቲቩን የሚነዳው ግን ትልቅ ሰው ነው። አንተ ለዛኛው አርጅተሃል ለመንዳት ደግሞ አልደረስክም።

ሲግናል አረንጓዴ፦
ሃሃሃሃ እኔም መሀል ላይ ቀረሁ በለኛ

ፉርጎ ሰባት፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ያላሰብኩት ነገር ነው የመጣው። የቀጣሪ ነገር በጭራሽ አልመጣልኝም ነበር። መጀመሪያ የፕሮፋይል ዕድሜ ልቁጠር ብዬ ነበር፣ ግን ግማሹ ሰው በ1900 ተወለድኩ ብሎ ሞልቷል፣ ከ13 በታች የሆነ ደግሞ አንድም የለም፣ ድረገጾቹ በአሜሪካ የልጆች ሕግ ምክንያት ከ13 በታች ስለማይቀበሉ ልጆቹ ዕድሜ ጨምረው ነው የሚገቡት። እሱን ቁጥር ማመን አይቻልም። ስለዚህ ትክክለኛ ዕድሜ አትጻፉ፣ በ20ዎቹ በ30ዎቹ እያላችሁ ባቡሩን ብቻ ጻፉልኝ። እኔን የያዘኝ የጭነት ባቡር ነው፣ ቆሞ ማሳለፍና ፉርጎ መቁጠር። ሰዓት ጠባቂ፣ ነጠላ መስመር ላይ መተላለፍ እኔም ነፍሴ ነው፣ በውስጥ ላክልኝ።

ጋሽ ቦይለር፦
ልጄ ሲግናል፣ ያልከውን የፍሬን ነገር ደግሜ አነበብኩት፣ ትክክል ነው፣ በደንብ አስረድተኸዋል። ያንን ሲሙሌተር እኔም ልሞክረው ብዬ ነበር፣ ያለኝ ግን የልጄ አሮጌ ላፕቶፕ ነው። ይሰራልኛል?

ሲግናል አረንጓዴ፦
ጋሼ አዲሶቹን አይችልም፣ ኦፕን ሬልስ የሚባለውን ያውርዱ። ነጻ ነው፣ የድሮውን የ2001ን መስመርና ሎኮሞቲቭ ፋይሎች ያነባል፣ የእንፋሎትም ሞልቷል። ራሙ ስንት እንደሆነ ይላኩልኝና እንዴት እንደሚጫን እጽፍሎታለሁ። እሳት መጨመሩን ግን እርሶ ነዎት የሚያስተምሩኝ፣ እኔ ሁሌ ዳገት መሀል ላይ እንፋሎት ያልቅብኛል።

ጋሽ ቦይለር፦
ዳገቱ ስር ስትደርስ ነው እንዴ ከሰል የምትጨምረው?

ሲግናል አረንጓዴ፦
አዎ

ጋሽ ቦይለር፦
ዘግይተሃል። አዲስ ከሰል መጀመሪያ እሳቱን ያቀዘቅዘዋል። ከዳገቱ በፊት ገና ሜዳው ላይ ሳለህ ጀምር፣ ትንሽ ትንሽ እያደረግክ፣ ውሃውንም ቀድመህ ሙላው ግን እላዩ ድረስ አታድርሰው። የራሙን ነገር ልጄን ጠይቄ ማታ እጽፍልሃለሁ።