ፒኤች ሲወርድ ደም ቅዳ ቧንቧ የሚላላው በየትኛው ቻናል ነው?

ጥያቄ
የአይጥ አንጀት ደም ቅዳ ቧንቧ ላይ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ሲወርድ አሲድነት ይጨምራል) ከ7.4 ወደ 6.8 ሲወርድ የኤል-ዓይነት ካልሲየም ጅረት፣ ማለትም ቧንቧውን የሚያኮማትረው ካልሲየም ወደ ሕዋሱ የሚገባበት ፍሰት፣ ያንሳል፤ ቧንቧውም ይላላል። የላላው ካልሲየም ስላነሰ ነው ወይስ የፖታሲየም ቻናል (ፖታሲየም ከሕዋሱ የሚወጣበት በር) ተከፍቶ? ፒኤቹ የወረደው ባይካርቦኔት ባለው ሶሉሽን ላይ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ በመጨመር ነው።

መልስ 1
መጀመሪያ አሲድ አጨማመሩን ያስተካክሉ። አሲዱ ከባይካርቦኔት ጋር ሲገናኝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይፈጠራል፤ ጋዙ ገለፈቱን በቀላሉ አልፎ የሕዋሱንም ውስጥ ያሲዳል። 5% ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሳይቀየር 6.8 ለማግኘት ባይካርቦኔቱን ከ25 ወደ 6 ሚሊሞላር ገደማ አውርደው ጉድለቱን በሶዲየም ክሎራይድ ይሙሉ። የውስጡን ፒኤች ብቻ ለማውረድ ደግሞ ውጩን 7.4 ላይ ይዘው 20 ሚሊሞላር ሶዲየም ክሎራይድ በሶዲየም አሲቴት ይተኩ። ሕዋሱ አሲዱን በደቂቃዎች ውስጥ ያስወጣልና ቶሎ ይለኩ።

መልስ 2
ካልሲየም ቻናሉን በአንድ ቮልቴጅ ብቻ አይፍረዱበት። ፕሮቶን ሁለት ነገር ያደርጋል፦ በቻናሉ ቀዳዳ ውስጥ ያሉትን ግሉታሜቶች (ካልሲየምን የሚስቡ አሚኖ አሲዶች) ይይዛል፣ የገለፈቱን የውጭ ኔጌቲቭ ቻርጅም ይሸፍናል። ሁለተኛው ቻናሉ የሚከፈትበትን ቮልቴጅ ወደ ፖዘቲቭ ይገፋዋል። ከ-60 እስከ +60 ሚሊቮልት በ10 በ10 ካልሄዱ ሁለቱን መለየት አይቻልም።

የፖታሲየሙን ጥያቄ ለመመለስ ቧንቧውን በ60 ሚሊሞላር ፖታሲየም ያኮማትሩ። ያኔ የፖታሲየም ሚዛን ቮልቴጅ (መግባቱና መውጣቱ እኩል የሚሆንበት) -23 ሚሊቮልት አካባቢ ስለሚሆን የፖታሲየም ቻናል ቢከፈትም ሕዋሱን ብዙ ኔጌቲቭ ሊያደርገው አይችልም። መላላቱ እንዳለ ከቀጠለ ዋናው ምክንያት ሌላ ነው። ከጠፋ ግን በኤቲፒ (የሕዋሱ የኃይል ሞለኪውል) የሚዘጋውን የፖታሲየም ቻናል ይጠርጥሩ፤ የሕዋሱ ውስጥ ሲያሲድ ይከፈታልና። በተለመደው ሶሉሽን ይህን ቻናል የሚዘጋውን ግሊቤንክላማይድ 10 ማይክሮሞላር ጨምረው ያረጋግጡ፤ የሟሟበትን ዲኤምኤስኦ ብቻውን መሞከር አይርሱ።

መልስ 3
ጅረቱን በሚለኩበት ፒፔት ውስጥ ኢጂቲኤ (ካልሲየም የሚይዝ ኬሚካል) ካለ ከባድ ወጥመድ አለ። የውስጡ ፒኤች ከ7.2 ወደ 6.8 ሲወርድ ኢጂቲኤ ካልሲየም የመያዝ አቅሙ ስድስት እጥፍ ገደማ ይደክማል፤ ነፃ ካልሲየም ይጨምራል፣ ካልሲየም ቻናሉም በዚያ ሰበብ ይዘጋል። ሌላው ካልሲየም ያዥ ባፕታ በዚህ ረገድ እጅግ የተሻለ ነው። ሄፔስ የተባለውን የፒኤች ማረጋጊያ የሚጠቀሙ ከሆነም ፒኤቹን በሙከራው ሙቀት ያስተካክሉ፦ በ22 ዲግሪ 7.4 የሆነው በ37 ዲግሪ 7.2 ይሆናል።

ውጤቱን ወደ ሳንባ ደም ቅዳ አይውሰዱት። እዚያ ያለው ታስክ-1 የፖታሲየም ቻናል በውጭ አሲድ ስለሚዘጋ ሕዋሱ ወደ መኮማተር ያዘነብላል።