የመግነጢስ ጣቢያችን ጣሪያ ላይ ይሁን ወይስ ጉድጓድ ውስጥ? የጋራ ፕሮፖዛላችን ረቂቅ

ሰብሳቢዋ፦ እንደምን ዋላችሁ። አዳማ ላይ የምንተክለው የመግነጢስ መለኪያ ፕሮፖዛል ሐሙስ መግባት አለበት። ረቂቁ ሴንሰሩ ቢሯችን ጣሪያ ላይ ይሰቀላል ይላል። ሐሳብ ያላችሁ ዛሬውኑ ጻፉ።

ጥገና ቤት ያለው አባል፦ እህቴ፣ ጣሪያው ይቅርብን። ቆርቆሮ እኮ ብረት ነው። የአዳማ ነፋስ ባንቀጠቀጠው ቁጥር ሴንሰሩ የሚያወራልን ስለ ቆርቆሮው ነው።

ባለፈው ሳምንት አንድ አርኤም3100 የሚባል የመግነጢስ ሴንሰር ፕላስቲክ ጣሳ ውስጥ ከትቼ ጓሮ አኖርኩት። ማታ 2 ሰዓት ላይ የንባቡ ግራፍ መስመር ድንገት እንደ ደረጃ ዘለለ። ሌሊቱን ሙሉ እዚያው ቆመ። ጠዋት 12 ሰዓት ሲሆን ወደ ቦታው ተመለሰ። ግራ ገባኝ። ለካ ጎረቤቴ ባጃጁን አጥራችን ሥር የሚያሳድርበት ሰዓት ነው! የብረት ብሎንም አትጠቀሙ፤ ነሐስ ወይም ፕላስቲክ ይሁን። የሊትየም ባትሪው ቆርቆሮም ብረት ስለሆነ በረጅም ሽቦ ከሴንሰሩ ይራቅ።

የፊዚክስ መምህሩ፦ ልክ ነው። እዚህ ያለው የምድር መግነጢሳዊ መስክ 36 ሺህ ናኖቴስላ (የመስኩ ጥንካሬ መለኪያ) ገደማ ነው። እኛ የምንፈልገው ግን የቀኑን ለውጥ ነው። ከመግነጢሳዊው የምድር ወገብ አጠገብ ነን። ከላያችን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ቀን ቀን ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈሳል፤ ኤሌክትሮጄት ይሉታል። ወደ እኩለ ቀን ገደማ መስኩን እስከ 100 ናኖቴስላ ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ይህን ለማየት አገራችን የታደለች ናት፤ ተማሪዎቼ በዓይናቸው ቢያዩት ምንኛ ደስ ባለኝ! አርኤም3100 በተለመደው አሠራሩ 13 ናኖቴስላ ያህል ትንሽ የሆነ ለውጥ መለየት ይችላል፤ የንባቦቹን አማካይ ስናወጣ ደግሞ ውጤቱ ይበልጥ ጥርት ይላል። የባጃጁ ነገር መፍትሔው ርቀት ነው። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ረብሻው ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል።

ወንጂ ያሉት እናት፦ ልጆቼ፣ ጓሮዬ ሰፊ ነው። መኪናም አይገባም። ቆፍሩበት።

የኤሌክትሮኒክስ ተማሪዋ፦ እትዬ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን! እዚያ መብራት መጎተት አያስፈልግም። ቦርዱ በደቂቃ አንዴ ነቅቶ ለክቶ ይተኛል። አማካይ ፍጆታው ግማሽ ሚሊአምፔር ከሆነ 2500 ሚሊአምፔር ሰዓት ያለው ባትሪ 5000 ሰዓት፣ ማለትም 7 ወር ገደማ ይይዛል። ስለዚህ ረቂቁ ላይ ያለውን ሶላር ሰርዘን በብሩ ሁለተኛ ሴንሰር እንግዛ። አንዱ ከተማ፣ አንዱ ወንጂ። ሁለቱም ላይ የታየው ከላይ የመጣ ነው፤ አንዱ ላይ ብቻ የታየው የሰፈር ነው።

ጥገና ቤት ያለው አባል፦ በዚህ እስማማለሁ። ግን ሙቀቱን አትርሱ። ፀሐይ ላይ ያለ ሴንሰር ከቀኑ ሙቀት ጋር አብሮ ይዋዥቃል፤ እሱም እኩለ ቀን ላይ ስለሚጨምር ኤሌክትሮጄቱን ያገኘን ይመስለናል። በፕላስቲክ ቱቦ 1 ሜትር እንቅበረው፣ ቴርሞሜትርም አብሮ ይግባ።

የፊዚክስ መምህሩ፦ ለማመሳከሪያ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ አለልን። የተመሠረተው በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት፣ በ1957–58 እ.ኤ.አ. ገደማ ነው። የእኛን መስመር ከእነሱ ጋር አስተያይተን ካልተጣጣመ ጥፋቱን እኛው ጋ እንፈልግ።

ሰብሳቢዋ፦ እሺ። ጣሪያውና ሶላሩ ወጡ፤ ሁለት ሴንሰር፣ ቱቦና የነሐስ ብሎን ገቡ። መምህር፣ የኤሌክትሮጄቱን ክፍል እርስዎ ይጻፉልን። እትዬ፣ ቅዳሜ ጠዋት ዶማ ይዘን እንመጣለን። የምንመጣበትን ባጃጅ አስፋልቱ ላይ እናቆመዋለን።