ከፀሐይ አምላኩ ጎን ያለችው መስቀል ምንድን ናት?

የሮማ ሳንቲም የምታውቁ፣ እባካችሁ እርዱኝ። በእጄ ያለው የቆስጠንጢኖስ የነሐስ ሳንቲም ነው። ጀርባው ላይ የፀሐይ አምላኩ ሶል ቀኝ እጁን አንሥቶ፣ በግራው ሉል ይዞ ቆሟል። ዙሪያውን «ሶሊ ኢንቪክቶ ኮሚቲ» ይላል፤ «ለማይሸነፈው ፀሐይ፣ ለባልንጀራው» እንደማለት ነው። እስከዚህ ገብቶኛል።

እንቅልፍ የነሳችኝ ከሶል ጎን ያለች፣ ከጤፍ ፍሬ ብዙም የማትበልጥ መስቀል ናት። ንጉሡ እ.ኤ.አ. በ312 ሮም አጠገብ በሚልቪያን ድልድይ ድል ካደረገና ወደ ክርስትና ካዘነበለ በኋላም ሶልን ለዓመታት በሳንቲሞቹ ላይ ማስቀረጹን አውቃለሁ። በእኛው በአክሱሙ ንጉሥ በኢዛና ሳንቲሞች ግን መስቀሉ ሲመጣ የቀድሞው እምነት ምልክት የነበረው ጨረቃ ለቅቆለታል፤ እዚህ ሶልና መስቀሏ እንዴት አብረው ቆሙ? የእምነት ምልክት ናት ወይስ የሳንቲም መቅረጫ ቤቱ መለያ? ከሶል እግር በታች ያሉት ፊደላት ተፍቀው ሳንቲሙ የተቀረጸበትን ከተማ ስም ማንበብ አቃተኝ። ነሐሱን ሳልጎዳ እነሱን የማነብበት መንገድ ካለ ንገሩኝ።