የሱብሂ ቀሪዎች ስም ይለጠፍ ወይስ አይለጠፍ?

የከዚራ ልጅ፦ አሰላሙ ዐለይኩም ጀማዓ። አንዳንድ የሰፈራችን ወጣቶች ለሱብሂ፣ ለንጋቱ ሰላት፣ መስጂድ የማይመጡትን ስም ጽፈን በር ላይ እንለጥፍ እያሉ ነው። በረመዳንም ቀን ላይ ሲበላ ወይም ሲጠጣ የታየ ሰው እዚያው መንገድ ላይ ይነገረው ብለዋል። ለዲን ተቆርቁረው እንደሆነ አውቃለሁ። ግን አልስማማም። ነሲሃ፣ ምክር ማለት፣ ሰውዬውን ለብቻ አግኝተህ የምትነግረው ነው፣ ይሄ ሰው ማሸማቀቅ ነው።

የገንደ ቆሬ ልጅ፦ አቦ ታዲያ ዝም ብለን እንይ? መጥፎ ነገር ያየ በእጁ ይለውጥ፣ ካልቻለ በምላሱ፣ ካልቻለ በልቡ የሚለው የነቢዩ ሐዲስ ሶሒሕ ሙስሊም በሚባለው የሐዲስ መጽሐፍ ላይ ያለ ነው። ከጀማዓ ሰላት፣ በኅብረት ከሚሰገደው፣ የሚቀሩትን ወንዶች ቤታቸውን ላቃጥል አስቤ ነበር ያሉትም ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ናቸው፣ ቡኻሪም ሙስሊምም ዘግበውታል። ከዚህ አንጻር ስም መለጠፍ ምን አላት? ሌሊቱን ሙሉ ጫት ሲቅሙ አድረው ሱብሂ ላይ የሚተኙትን እናውቃቸዋለን። ነገ አላህ ፊት ጎረቤትህን ለምን አልመከርከውም ብባል ምን ልመልስ?

የከዚራ ልጅ፦ ሐዲሶቹን ማንም አይክድም። ግን አስቤ ነበር አሉ እንጂ የማንንም ቤት አላቃጠሉም። "በእጁ" የሚለውንም ብዙ ዑለማዎች፣ የዲን ሊቃውንት፣ ሥልጣን ላለው ነው ብለው ነው ያብራሩት፣ አባት በቤቱ፣ መሪ በሕዝቡ ላይ። እኔና አንተ በጎረቤታችን ላይ ምን ሥልጣን አለን? ደግሞ ቡኻሪ ላይ ያለውን የዚያን ሰካራም ሰው ታሪክ አስታውስ። በመጠጥ ተደጋግሞ ተይዞ ተቀጥቷል። አንዱ ሰው ሲረግመው ግን ረሱል ከለከሉት፣ አትርገመው፣ አላህንና መልእክተኛውን እንደሚወድ ነው የማውቀው አሉት። ቅጣቱ አልቀረለትም፣ ክብሩን ግን ጠበቁለት። እኛ ደግሞ ሱብሂ ላይ እንቅልፍ ያሸነፈውን ሰው ስሙን በር ላይ ልንሰቅል ነው።

የመጋላ እህት፦ የሱብሂውን ወንዶቹ ተከራከሩበት፣ እኔ ስለ ረመዳኑ ልናገር። የወር አበባ ላይ ያለች ሴት መጾም አይፈቀድላትም፣ ያለፋትን ቀን በኋላ ጾማ ቀዳ ታወጣለች። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ለራሷ ወይም ለልጇ ከፈራች ጾሟን ታፈጥራለች። ለታመመና ለመንገደኛ ደግሞ ሱረቱል በቀራ 185 ላይ በግልጽ ተፈቅዷል። ስኳር ያለበትን ሰው ፊቱን አይታችሁ ትለዩታላችሁ? እኔ በዚህ በድሬ ሙቀት ታይዋን ገበያ ውስጥ ውሃ ስጠጣ አንድ የማላውቀው ልጅ አታፍሪም ብሎ በሰው መሃል ጮኸብኝ። ምን ልበለው? የወር አበባ ላይ ነኝ ብዬ ለገበያው ላውጅ? ውሃውን ጥዬ ነው የሄድኩት፣ ብዙ ጊዜም በዚያ በኩል ማለፍ አቅቶኝ ነበር። ያ ልጅ ግን ወላሂ ከአላህ አጅር፣ ምንዳ፣ ያገኘ ነው የመሰለው።

የገንደ ቆሬ ልጅ፦ እህቴ አፉ በይን፣ እሱ ልክ አልሠራም። የመንገዱን ነገር እኔም ትቼዋለሁ። ሱብሂው ግን ለየት ይላል። ወንድ ነው፣ ጤነኛ ነው፣ መስጂዱ ደጁ ላይ ነው። ምን ምክንያት አለው?

የጁገል አባት፦ ልጆቼ፣ እኛ ሐረር ጁገል ውስጥ 82 መስጂድ አለን። ከአንዱ የቀረው ሰው በሌላው ሰግዶ ሊሆን ይችላል። ሌሊት ሥራ አምሽቶም ይሆናል፣ የታመመች እናት እያስታመመም ይሆናል። ስም የሚጽፈው ልጅ ይህን ለማጣራት የግድ መሰለል ሊጀምር ነው፣ መሰለልን ደግሞ አላህ በሱረቱል ሑጁራት 12 ላይ ከልክሎናል። ሌላም ነገር አለ። ይህ አገር የሻፊዒይ መዝሀብን፣ የሕግ መንገድን፣ የሚከተል ነው፣ በመዝሀባችን በሚዛን የደፋው ሀሳብ የጀማዓ ሰላት ፈርድ ኪፋያ፣ ማለት በቂ ሰው ከሠራው ከሌላው የሚነሳ የጋራ ግዴታ፣ ነው የሚለው ነው። ቤቱ የሰገደውን ሰው ሰላት እንደተወ አድርጋችሁ አትለጥፉት። በኛ ጊዜ ሽማግሌዎች በር እያንኳኩ ያስነሱን ነበር እንጂ ስም የጻፈብን አልነበረም።

የገንደ ቆሬ ልጅ፦ አባቴ አላህ ይጠብቅልን። ግን ፈርድ ኪፋያ ከሆነ መስጂዱ ባዶ ሲቀር ሁላችንም ነን ወንጀለኞቹ። የኛ ሰፈር ሱብሂ ላይ አንድ ሰፍ፣ አንድ ረድፍ፣ እንኳ አይሞላም። ይሄን ማንም አልመለሰልኝም።

የከዚራ ልጅ፦ ይሄ እውነት ነው፣ እኔንም ያመኛል። ግን ሰፉ በስም ዝርዝር አይሞላም። ስሙ የተለጠፈ ልጅ በሳምንቱ ወይ ለሰው ብሎ ይመጣል፣ ወይ ጁምዓውንም ጨምሮ ይቀራል። አላህ ለረሱል እንኳ ልበ ደረቅ ብትሆን ኖሮ ከዙሪያህ በተበተኑ ነበር ብሏቸዋል፣ ኣሊ ዒምራን 159 ላይ። እሳቸውን ትተው ሊበተኑ ከቻሉ ከኛማ ምን ያቆያቸዋል? የሚቅመውን ልጅ በስንት ጊዜህ ነው ቤቱ ሄደህ ያየኸው? ሥራ ሲያጣ፣ አባቱ ሲታመም የት ነበርን? ያኔ ከጎኑ የነበረ ሰው ሱብሂ ና ቢለው አይከፋውም።

የገንደ ቆሬ ልጅ፦ እሺ፣ ስም መለጠፉን እንተወው። ዝም ማለቱን ግን አልቀበልም።

የከዚራ ልጅ፦ ዝም በሉማ አላልኩም። በኛ መንገድ ያሉትን ሦስት ልጆች ዛሬ ከኢሻ በኋላ አገኛቸዋለሁ፣ ላንኳኳላችሁ ወይስ ልደውል ብዬ ራሳቸውን እጠይቃቸዋለሁ። አንተም በናንተ በኩል ያሉትን ያዝ። እምቢ ካሉህ ግን ተዋቸው፣ ሰላምታህን ብቻ አታቋርጥባቸው።